ልብ ሲደልቅ፦ ድንገተኛ ፍርሃትን በእንቅስቃሴና በአመጋገብ መግራት

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በአንድ ሾፌር ታሪክ ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሩን ለውጫለሁ።

ሾፌሩ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በአይሱዙ ጭነት የሚያመላልስ ጠንካራ ሰው ነው። አንድ ሌሊት ካራቆሬን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ ልቡ በድንገት ይደልቅ ጀመር። ደረቱ ተጨነቀ፤ ትንፋሽ አጠረው፤ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ላብ አጠመቀው። እንደ ምንም መኪናውን ዳር አስይዞ ረዳቱን «አደራህን፣ ልጆቼን» አለው። ሕክምና ቦታ ሲደርስ ግን ነገሩ በርዶ ነበር። የልብ ምርመራው፣ የደም ግፊቱ፣ የስኳር መጠኑ ሁሉ ደህና ሆኖ ተገኘ። «ዶክተር፣ ወላሂ ሞቼ ነበር» አለኝ። እኔም ውጤቱን አይቼ ደስ ስላለኝ «አይዞህ፣ ምንም የለህም» ብዬ ሸኘሁት።

በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻው ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ ለባለንብረቱ አስረክቦ፣ ሥራ ፈትቶ ነበር። ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። ልቡ ጤነኛ መሆኑ እውነት ነው፤ «ምንም የለህም» ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። ሰውየው ስም ያለው፣ አነሳሱ የሚታወቅ፣ ሊታከምም የሚችል ሕመም ነበረበት። እኔ ስሙን ስላልነገርኩት እሱ ራሱ «የልብ በሽታ ነው፤ ሐኪሞቹ ደብቀውኝ ነው» ብሎ ደመደመ። ዘመድ አዝማዱም «ዓይን በልቶት ነው» ይል ነበር። እርስዎም ወይም የቤተሰብዎ አባል እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ «ምንም የለም» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ስሙን እንወቀው

ይህ ሕመም በሕክምናው ቋንቋ «ፓኒክ አታክ» ይባላል፤ በአማርኛ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ልንለው እንችላለን። ሳይታሰብ ይነሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ከዚያ እየበረደ ይሄዳል። ልብ ይደልቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ጉሮሮ የታነቀ ይመስላል፤ ራስ ያዞራል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። ከሁሉም በላይ «አሁን ልሞት ነው» ወይም «ላብድ ነው» የሚል ስሜት ይመጣል።

በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ የሆነ ሰው ብዙ ነው፤ ያ ብቻውን በሽታ አይባልም። ጥቃቱ ሲደጋገም፣ ሰውየውም «ደግሞ መቼ ይመጣብኝ ይሆን?» እያለ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤት ሲቀር ግን ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ሆኗል። ይህ ሕመም የጭንቀት ሕመሞች ከሚባሉት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ገምቷል። ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም፤ የእምነት ማነስም የወኔ ማጣትም ምልክት አይደለም።

አነሳሱን በምሳሌ ላስረዳዎ። በጨፋ ሜዳ በበጋ ወራት ከአፋር ሳይቀር ከብት እየተነዳ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ሣር ይመጣል። ከብቱን የሚጠብቅ ወጣት ሌሊት ጅብ ድንገት ቢገጥመው፣ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለውን ቅመም በደሙ ውስጥ ይለቃል። ልቡ ይፈጥናል፤ ትንፋሹ ይበዛል፤ ጡንቻው ይወጠራል። ይህ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የተሰጠን ጠቃሚ ተፈጥሮ ነው። በድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጅቡ የለም። ደወሉ ያለ ሌባ ጮኸ እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ነገሩን የሚያከፋው። ሰውየው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከደሙ ውስጥ የተቃጠለው አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚያዞረው በዚህ የተነሳ ነው። እሱ ግን «ደሜ መዞር አቆመ፣ ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው ሌላ አድሬናሊን ያመጣል፤ አድሬናሊኑ ልብን ይበልጥ ያስደልቃል። ክቡ እንዲህ ይዞራል። ሾፌሬን ሥራ ያስፈታው መንገዱ አልነበረም፤ የገዛ ልቡን ድምፅ መፍራቱ ነው።

እንቅስቃሴ እንዴት ይረዳል?

የልብን ድምፅ የፈራ ሰው ልቡን ከሚያስመታ ነገር ሁሉ ይሸሻል። ዳገት አይወጣም፤ ጭነት አያነሳም፤ ከልጆቹ ጋር አይሯሯጥም። እየቆየም ሰውነቱ ይሰንፋል፤ ጥቂት ሲራመድ ልቡ ይመታል፤ እሱም ይበልጥ ይፈራል። እንቅስቃሴ ይህን ክብ ይሰብራል። ሆነ ብለው ፈጠን ብለው ሲራመዱ ልብዎ ይደልቃል፣ ያልብዎታል፣ ትንፋሽዎ ይበዛል፤ ከጥቂት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ደግሞ ሁሉም ይረጋጋል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር አእምሮዎ «ልብ ሲመታ መሞት ማለት አይደለም» የሚለውን ትምህርት ከሐኪም ቃል ይልቅ ከራሱ ሰውነት ይማራል። በተጨማሪም እንቅልፍ ይጣፍጣል፤ የጡንቻ ውጥረት ይላላል።

ይህ ተስፋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የጀርመን ጥናት፣ ይህ ሕመም ያለባቸውን 46 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍሎ ለ10 ሳምንታት ተከታትሏል። አንዱ ቡድን አዘውትሮ ሮጠ፤ ሌላው ክሎሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠው። የሮጡት ሰዎች ባዶውን ክኒን ከወሰዱት በግልጽ ተሽሏቸው ተገኙ። መድኃኒቱ ግን ከሩጫውም ፈጥኖና በልጦ ሠርቷል። ስለዚህ እንቅስቃሴ እውነተኛ እርዳታ ነው፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን «በሩጫ እተካዋለሁ» ብሎ ክኒኑን መጣል የለበትም።

ታዲያ ምን ያህል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየተራመዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ወይም ማንጎራጎር ግን ካቃተዎት ልኩ ነው።

ጥቃት እያስቸገረዎት ከሆነ በ30 ደቂቃ አይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ፣ በሜዳ ላይ፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ይራመዱ። በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። ሲለምዱት ትንሽ ዳገት ያክሉበት። ልብዎ መምታት ሲጀምር ወዲያው አይቀመጡ፤ እርምጃዎን ቀንሰው ይቀጥሉ፤ ልብዎ ራሱ ሲረጋጋ ይመልከቱት። በእርምጃ መካከል የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ግን አቁመው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ከሚሴና አካባቢዋ ቆላማ ስለሆኑ ቀትር ላይ መራመድ አይመከርም። ከንጋት ሶላት በኋላ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥሩ ጊዜ ነው። ውኃ መጠጣትንም አይርሱ፤ ውኃ የጠማው ሰውነት ልቡ ቶሎ ይመታል።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ስደክም እውላለሁ፤ ምን እንቅስቃሴ ያስፈልገኛል?» የሚሉኝ ገበሬዎችና እናቶች አሉ። እውነት ነው፤ ማረስ፣ ውኃ መቅዳትና ከብት መንዳት ሁሉም እንቅስቃሴ ነው። ለእነሱ የምመክረው ሌላ ድካም መጨመርን አይደለም፤ በሥራቸው መካከል ልባቸው ሲመታ «ይህ የጉልበት ምት ነው» ብለው እንዲያስተውሉት፣ ማታም በቂ እንቅልፍ እንዲያገኙ ነው። ተጨማሪ እርምጃው ይበልጥ የሚያስፈልገው እንደ ሾፌሩ፣ እንደ ባለሱቁና እንደ ቢሮ ሠራተኛው ተቀምጦ ለሚውለው ነው።

ደወሉን የሚነካኩት ነገሮች

ብዙ ታካሚ «ምን ልብላ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ምን እንደሚተው ነው። ሾፌሬን ስለ አንድ ቀኑ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ ከሰዓት በኋላ ጫት፤ ከጫቱ ጋር ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ፤ ሲመሽ ቡና እስከ ሦስተኛው፤ ራት የለም፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ። ልቡ ዝም ቢል ነበር የሚገርመው።

ጫትን በሚመለከት በግልጽ እንነጋገር። በአካባቢያችን የብዙ ገበሬ ገቢ፣ የብዙ ሰው መገናኛ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ነቃ ከሚያደርገው አምፌታሚን ከተባለው መድኃኒት ጋር በተመሳሰለ መንገድ ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ረሃብን ይዘጋል፤ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን መረበሽና ዱካክ የቀመሰው ያውቀዋል። ድንገተኛ ፍርሃት ላለበት ሰው ጫት በተቀጣጠለ ቤት ላይ ጭድ መጨመር ነው። «ለጨብሲ» ተብሎ የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ያረጋጋ ይመስላል፤ ሌሊት ሲወጣ ግን ጭንቀቱን አባብሶ ይመልሰዋል።

ጫት ማቆም የሚሻለው ነው፤ በአንድ ጊዜ ያልቻለ ሰው ቀኖቹንና መጠኑን እየቀነሰ ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐራራ፣ ድካም፣ ድብርትና ክፉ ሕልም ሊኖር ይችላል፤ እየቆየ ያልፋል። ድብርቱ ከበረታ ወደ ሐኪም ይምጡ።

ቡናም ቢሆን ሰው ይለያል። አንዱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ይተኛል፤ ድንገተኛ ፍርሃት ያለበት ሰው ግን ካፌይን ጥቃቱን ሊቀሰቅስበት እንደሚችል በጥናት የታወቀ ነው። ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ በአማካይ ከአምስት ሰዓት በኋላ ገና ግማሹ በደም ውስጥ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ቡና ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አብሮዎት ይተኛል ማለት ነው። ከቡና ሥርዓቱ አይቅሩ፤ ጎረቤት የሚገናኝበት፣ ሐሳብ የሚራገፍበት ቦታ ነውና እሱም መድኃኒት ነው። አቦሉን ጠጥተው በቶናው ላይ ስኒዎን ማንሳት ይችላሉ፤ ምሽት ላይም ይተዉት። ብዙ የሚጠጡ ከነበሩ ራስ ምታት እንዳያስቸግርዎ በየጥቂት ቀኑ አንዳንድ ስኒ እየቀነሱ ይውረዱ። በቆርቆሮ የሚሸጡ ኃይል ሰጪ መጠጦችም ካፌይን አላቸው።

ገበታው

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ድንገተኛ ፍርሃትን ለብቻው የሚያድን ምግብ የለም። ጥሩ አመጋገብ የሚሠራው ሰውነት ያለ ምክንያት የአደጋ ደወል እንዳይደውል በማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ምግብ አለመዝለል ነው። ሆድ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሲሆን እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት ሊመጣ ይችላል፤ ስሜቱም ከፍርሃት ጥቃት ጋር ይመሳሰላል። ቁርስ ይብሉ፤ ለመንገደኛ ቆሎ፣ ለውዝ ወይም በሶ በኪስ የሚያዝ ስንቅ ነው። ሁለተኛው፣ ቶሎ ከሚያልፍ ስኳር ይልቅ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ምግብ መምረጥ ነው። የጤፍና የማሽላ እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስር ወይም በአካባቢያችን በሚበቅለው ማሾ፣ ከጎመንም ጋር ሲቀርብ ከውድ የታሸገ ምግብ የማያንስ ገበታ ነው። ሙዝ፣ ፓፓያና ማንጎ በወቅታቸው ይጨመሩ።

ሦስተኛው የደም ማነስን ማሰብ ነው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ልቧ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ያዞራታል። «ጨንቋት ነው» ተብላ ሳትመረመር እንዳትቀር። ጥራጥሬ፣ ጎመንና ከተገኘ ሥጋ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ብረቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፤ ስለዚህ ቡናው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

በረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎቼ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ቡናና ጫት ይቀንሱ፤ ሱሁርን አይዝለሉ፤ በሌሊትም ውኃ በደንብ ይጠጡ። እርምጃውን ከኢፍጣር በኋላ ያድርጉት። በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች ጾማቸውን በቡና ሳይሆን በምግብ ይፍቱ።

ጥቃቱ ሲመጣ

መኪና እየነዱ ከሆነ ዳር ይዘው ያቁሙ። ከዚያ ለራስዎ ስሙን ይጥሩት፦ «ይህ ድንገተኛ ፍርሃት ነው፤ ከዚህ በፊት መጥቶ ነበር፤ አለፈ፤ አሁንም ያልፋል።» ትንፋሽዎን በአፍንጫ ቀስ ብለው እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ። ለጥቂት ደቂቃ ይድገሙት። በፌስታል ወይም በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስን አልመክርም፤ ሕመሙ ሌላ ከሆነ ሊጎዳ ይችላል። በዙሪያዎ ያለውን ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ድምፅ አንድ በአንድ ያስተውሉ። ከተቻለ ከቦታው ሸሽተው አይሂዱ፤ በቆዩበት ሲበርድ አእምሮዎ ቦታው አደገኛ አለመሆኑን ይማራል። አጠገቡ ያላችሁ ቤተሰቦችም አትጩኹ፣ ውኃ አትርጩ፣ አትክበቡት፤ አንድ ሰው አብሮት ተቀምጦ በዝግታ ይተንፍስ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የማይታለፍበት ጊዜ

ስሜቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ ሌላ ሕመም አለመሆኑን ሳያረጋግጡ «ፍርሃት ነው» ብለው አይለፉት። የደረት ሕመሙ ጭነት እንደተጫነ ሆኖ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ እግርዎ ካበጠ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆኑ ፈጥነው ይታዩ። አንገት ላይ እብጠት ኖሮ ክብደት ከቀነሱና ሙቀት አልቻል ካልዎት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መብዛትም ልብን ያስደልቃልና ይመርመሩ።

ሌላም የማልዘለው ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው ግጭት ሰው የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ የተፈናቀለ ብዙ ነው። የተኩስ ድምፅ የመሰለ ነገር ሲሰሙ የሚደነግጡ፣ ያዩት ነገር በሕልም እየመጣ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ሸክማቸው በእርምጃና በገበታ ብቻ የሚቀልል አይደለም። ለእነሱም፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ማንኛውም ሰውም መልእክቴ አንድ ነው፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይናገሩ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይምጡ።

ሕክምና አለ። የፍርሃቱን ሐሳብና ከቦታ መሸሽን ደረጃ በደረጃ የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና አለ፤ እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። መድኃኒቶቹ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይተዉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲያዜፓም እየገዙ መዋጥ ግን ሱስ ያስይዛል። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም አዲስ አበባ እንደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት ሪፈር ይጻፋል። ጸሎትዎንና ዱዓዎን ይቀጥሉ፤ ሕክምናውን አብረው ያስኬዱ።

ሾፌሬን በሦስተኛው ጉብኝቱ የሕመሙን ስም ነገርኩት፤ ክቡን በወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት። ጫቱን ቀንሶ በኋላ ተወው፤ ሌሊት መንዳቱን አቆመ፤ በየማለዳው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይራመድ ጀመር። መድኃኒትም ወሰደ። ጥቃቱ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጥቶበታል። ከወራት በኋላ ለቀጠሮው ሲመጣ «ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶብኝ ነበር» አለኝ። «ምን አደረግህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዳር ያዝኩ፤ እስኪያልፍ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ጭነቴን ይዤ ደሴ ገባሁ» ሲል መለሰልኝ።

እርስዎም ነገ ጠዋት በ10 ደቂቃ እርምጃና በአንድ ስኒ ቅነሳ ይጀምሩ።